ጥፋቱ የመዶሻው ነው

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ባለቤቴ ዝናሽ "ብቻህን ታወራለህ" ስላለችኝ ነው። ብቻዬን አላወራም። ሐሳብ ሲበዛብኝ ከንፈሬ ይከተላል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ለማንኛውም ከእሷ ጋር ከምከራከር እዚህ ልጻፍ።

የምጠብቀው መጋዘን ባለቤት አቶ ዒብራሂም ትናንት ለሐጅ ተነሡ። የፓስታውን፣ የሳልሳውንና የዘይቱን መጋዘን ለእህታቸው ልጅ ለኡባህ አስረክበው ነው የሄዱት። ኡባህ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ሒሳብ ተምራለች። ጥበቃ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ዛሬ ጠዋት ጥበቃዎቹን ሰብስባ፣ "መሣሪያ የያዘ ጥበቃ ሁሉ እስከ ሰኔ መጨረሻ ፖሊስ ተኩስ ሜዳ ሄዶ ይፈተናል። ያላለፈ መሣሪያውን ትቶ ሬዲዮ ይይዛል" አለች።

"መሣሪያ የያዘ ጥበቃ ሁሉ" ማለት እኔ ነኝ። ባልደረባዬ ገዲ ያለው ዱላ ነው፤ ሌሎቹ ፊሽካ።

ፈተናው አያሳስበኝም። ሽጉጤ ከምድር ባቡር ጥበቃነቴ ጀምሮ ወገቤ ላይ የኖረች፣ ሕጋዊ ፈቃድ ያላት ስድስት ጎራሽ ናት። የዛሬ ልጆች ጥይት በካርታ የሚጎርስ ሽጉጥ ነው የሚወዱት። ካርታው ጥይት ነክሶ ሲቀረቀር ምን እንደሚውጣቸው እንጃ። የእኔዋ ክብ ጎራሽ ዞራ ዞራ ጥይቷን ታመጣለች፤ አትነክስም።

አንድ ነገር ብቻ። ማታ ባዶዋን ስሞክራት መዶሻዋ፣ ያ ከኋላ በአውራ ጣት የሚሳበው፣ ደጋግሞ አመለጠኝ። መብራት አብርቼ ሳየው በጣም ትንሽ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ሳላስተውለው ኖርኩ? የሠሩት ሰዎች የማንን እጅ እንደለኩ አይገባኝም።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። የሸሚዝ ቁልፍ አስረፈደኝ፤ በባጃጅ ሄድኩ። የዘመኑ የሸሚዝ ቁልፍ ምስር አክሏል። የመጋዘኑም ቁልፍ ቀጭን ነው፤ ቀዳዳውን አያገኝም። ስልኬ ላይ ገዲ ጋ ልደውል ስል የዕድሩ ጸሐፊ ጋ ደወለ። "ማን ሞተ?" አሉኝ።

ዝናሽ፦ "እጅህን ሐኪም ይየው።"

እጄ ምን አደረገ? ያነሰው ዕቃው ነው።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ተገኘ!

ትናንት በስልክ አንድ ባለ ጢም ፈረንጅ አየሁ። ስድስት ጎራሹ ላይ ሰፊ መዶሻና ጎራሹን የሚከፍት ትልቅ ቁልፍ አስገጥሟል። ቋንቋው አልገባኝም፤ እጁ ግን ገባኝ። አውራ ጣቱን ጣል ሲያደርግ መዶሻው ይመጣል፤ ቁልፉን ነካ ሲያደርግ ጎራሹ ይከፈታል። የሰውዬው እጅ ወፍራም ነው፤ እንደ እኔው። ታዲያ የሰለጠነ ሰው እጄ ታሟል ብሎ ሐኪም ቤት አይሰለፍም። ዕቃውን ያስተልቃል።

ዛሬ ከሥራ በፊት ታይዋን ገበያ ሄጄ ስልክ ሻጩን ሳላሕን በጆሮው ጠየቅሁት፦ "የሽጉጥ መለዋወጫ የሚያስመጣ ሰው ታውቃለህ? ሕጋዊውን።"

ሳላሕ በጆሮው የሰማውን በአፉ ሙሉ መለሰው። "አቦ! የሽጉጥ? ወሪያ፣ ሰዎች፣ ሣህሉ ሽጉጡን ሊያሳምር ነው!" ልብስ የሚመርጡት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ስልክ አወጣ፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ብስኩት ያክላል። "ይሄ ነው ላንተ የሚሆነው። ለአባቴም ገዝቼለታለሁ" አለ።

አባቱ ዘጠና ዓመታቸው ነው። ስልኩን ገዛሁት። ለዝናሽ ብዬ ነው።

ሰኔ 1፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ዐብዲፈታሕ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ብረትን እንደ ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ነው።

"የመሣሪያ ነገር አልነካም፣ ወላሂ" አለ ገና አፌን ሳልከፍት። ሳላሕ ነው፤ ታይዋን የተነገረ ነገር ከሰው ቀድሞ ደቻቱን ይሻገራል።

"የመሣሪያ ማን አለህ? የውኃ ፓምፕ ነው" አልኩና በካርቶን ቆርጬ የወሰድኩትን ልክ ሰጠሁት።

አገላብጦ አየው። "ፓምፑ ስንት ይጎርሳል?"

"ምን?"

"ውኃ።"

"እንደ ሁኔታው።"

"ይህን ያህል ይበቃል?" አለ የትንሿ ጣቱን ጫፍ እያሳየ። ጨምር አልኩት። አውራ ጣቱን አሳየ። ጨምር አልኩት። ሳቀና ማሽኑን አስነሣ። ሁለቱን ቁራጮች ሲያስረክበኝ እጄን እያየ፣ "አባባ ሣህሉ፣ ፓምፑን ከማስተለቅ ቧንቧውን ብታሳይ አይሻልም?" አለኝ።

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ዛሬ ትንሽ ብርድ ነበረ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ተገጠመ። እንዴት እንደገጠምኩት አልጽፍም፤ ሙያ ነው።

አውራ ጣቴ ሳይፈልግ መዶሻውን ያገኘዋል። ማሳደድ ቀረ። ጎራሹም በመዳፍ ይከፈታል። ይህን ያህል ዓመት ተቸግሬ መኖሬ ቆጨኝ። ትልቅ መዶሻ ይጠቅማል ወይ ለሚል ሰው መልሴ አጭር ነው፤ ይጠቅማል።

ማኅደሯ ግን አልዘጋ አለ። ማሰሪያውን ቆረጥኩት።

ዝናሽ አየቻት። "የበር እጀታ ነው የሚመስለው" አለች። ሴት ልጅ መካኒክ አይገባትም።

ገዲ ደግሞ ሲያያት ዱላውን ጥሎ ሳቀ። "ወላሂ አዴር፣ ሻኛ አወጣች! ግመል ሆነችኮ!" አዴር በሱማልኛ አጎቴ ማለት ነው፤ ሲያከብረኝም ሲቀልድብኝም የሚጠራኝ በዚሁ ነው። እስከ ምሳ ሰዓት የመጋዘኑ ሰው ሁሉ "ግመሏ እንዴት አደረች?" ይል ጀመር።

ይሳቁ። ተኩስ ሜዳ እንገናኛለን።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ደግ ነገርም ይጻፍ። ዛሬ ሸሚዜ እሺ አለኝ። ቁልፎቹ ሰፋ ሰፋ ያሉ፣ ቀዳዳዎቹም ለቀቅ ያሉ ናቸው። አንዳንድ ፋብሪካ አሁንም ለሰው ያስባል። ያ ሸሚዝ መቼ እንደተገዛ አላስታውስም፤ ግራጫው ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ደግሞ ቁልፎቹ ደቃቃ ነበሩ።

ዝናሽ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላለች። ምን ሆንሽ ስላት "መርፌ" አለች። በዚህ ዕድሜ መነጽር ሳያደርጉ መስፋት ምን ይሉታል?

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ከባጃጅ ስወርድ መዶሻው የባጃጁ መጋረጃ ዘርፍ ውስጥ ገብቶ መጋረጃውን ይዤው ወረድኩ። ሹፌሩ ልጅ ጮኸ። መጋረጃ ምን ያደርጋል ባጃጅ ላይ?

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ስለዛሬው መጻፍ አልፈልግም።

ከእራት በኋላ። እሺ ልጻፈው።

ኡባህ ቢሮዋ ሰብስባን ስለ ካሜራ ታስረዳን ነበር። እኔ ከፊት ተቀምጫለሁ። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ስቀመጥ ሆዴ አዲሱን የጎራሽ ቁልፍ ተጫነው መሰለኝ፤ ጎራሹ ተከፈተ። ጥይቶቹ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ዝም ባለ ቢሮ ውስጥ ጥይት ሲንከባለል ጊዜ ይወስዳል።

ላነሣቸው ጎንበስ አልኩ። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ያንሸራትታል። ጣቴ ሲደርስ ጥይቷ ትሸሻለች። ማንም አልሳቀም፤ ገዲ እንኳ። እሱ ነው ያስደነገጠኝ።

ኡባህ ከጠረጴዛዋ ተነሥታ፣ ተንበርክካ፣ ጥይቶቹን ለቅማ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና መዳፌን በሁለት እጇ ዘጋችው። "አይቸኩሉ፣ ጋሼ ሣህሉ" አለችኝ።

አይቸኩሉ! ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም "አንተ" ነው። ይህች ልጅ ቁመቷ ጉልበቴን ሳያልፍ "አንተ ሣህሉ፣ ከረሜላ ስጠኝ" ስትለኝ ያደገች ናት። የድሬ ሰው "እርስዎ" ካለህ ወይ ሊያባርርህ ነው፣ ወይ ሊቀብርህ።

ጥፋቱ የወንበሩ ነው።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ሙቀት። እንቅልፍ የለም። ዝናሽ የዚህን ደብተር ሽፋን እያየች "ጽሑፍህ የጉንዳን መንገድ መሰለ" አለች፤ ስሜን ነው ያየችው። እስክሪብቶው ርካሽ ነው።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ፈተናው ዛሬ ነበር። በአጠቃላይ ሲታይ አልወደቅሁም።

ፈታኙ ሳጅን ኒቆዲሞስ ሽጉጤን ተቀብሎ አገላበጣት። "ይቺ ምንድን ናት?" አለ መዶሻዋን እየነካ።

"መዶሻ ናት።"

"ይህስ?"

"የጎራሹ ቁልፍ። ለፍጥነት ነው።"

"እስኪ ይተኩሱ" አለኝ። እሱም እርስዎ!

የመጀመሪያዋ ጥይት አፈር አነሣች። ሁለተኛዋ ግን መሐል ገባች። የአጠገቤ ሰው ዒላማ መሐል ነው፤ ቢሆንም መሐል መሐል ነው። ሦስተኛዋ ላይ መዶሻው ቀጭ አለና ዝም አለች። ሳጅኑ "አናቱ ላይ ብረት ጭነውበት እንዴት አጥብቆ ይምታ?" አለ። አራተኛዋን ስተኩስ ሽጉጧ ወደ ኋላ ስትመታ ያ ትልቁ ቁልፍ አውራ ጣቴን ከአጥንቱ አጠገብ ሰነጠቀው።

ሳጅኑ ደሜን በመሐረቡ አሰረልኝ። "ትልቅ ስለሆነ ይቀላል ይላሉ፤ ትልቅ ስለሆነ ግን ሁሉ ነገር ይነካዋል። ወደ ነበረችበት መልሰዋት ሰኔ ሳያልቅ ይምጡ" አለ።

ስለዚህ አልወደቅሁም። ተላለፈልኝ። ለዝናሽ "ተላለፈ" አልኳት። ጣቴን እያየች "ማን ተላለፈ?" አለች።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ገዲ አልሞተም።

ገዲ አልሞተም።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልሞክር።

መዶሻውን ላወልቀው ነበር። ሐሳቤ እንደዚያ ነበር። ግን ከማውለቄ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ መምዘዝ ከቻልኩ ጥፋቱ የመዶሻው አለመሆኑን አረጋግጣለሁ ብዬ ከሳልሳው ካርቶን ክምር ፊት ቆምኩ። ከሰዓት ነው። ውጭ አይሱዙው ሞተሩን ሳያጠፋ ፓስታ ያራግፋል። መጋዘኑ ውስጥ ማንም የለም ብያለሁ። አላየሁም። ማየት ነበረብኝ።

መዘዝኩ። ትልቁ መዶሻ የሸሚዜን ጫፍ ይዞ ተነሣ። ላላቅቀው ስል ጣቴ አልያዘውም፤ ለቀቀው። ሽጉጧ ጮኸች።

ከክምሩ ኋላ "አላህ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ሄድኩ። ገዲ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ምሳው ተደፍቷል፤ ፊቱ፣ አንገቱ፣ ደረቱ ቀይ ነው።

እንዴት እንደተንበረከክሁ አላውቅም። ደረቱን በሁለት እጄ እየዳበስኩ ቀዳዳ እፈልጋለሁ። ስሙን እጠራለሁ። እሱ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ከዚያ ምላሱን አውጥቶ ከንፈሩን ላሰ።

"አዴር፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "ሳልሳ ነው።"

ጥይቷ በካርቶኑ አልፋ ከጭንቅላቱ በላይ ግድግዳው ውስጥ ገብታለች። የቆርቆሮ ስንጣሪ ጆሮውን ጭሮታል፤ ሌላ ምንም የለም። "ግመሏ ረገጠችኝ" ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። እኔም አለቀስኩ። ሁለት ትልልቅ ወንዶች ሳልሳ ውስጥ ተቀምጠን።

የሁለታችንም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእሱ ቆመ።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ግቢው በር ላይ ቆሜ ተመለስኩ። ገዲ ለኡባህ "ካርቶን ወደቀብኝ" ብሏታል። ውጭ ያሉት የአይሱዙው ጎማ የፈነዳ መስሏቸዋል። ሁሉም ነገር ተሸፍኗል።

ለምንድን ነው የሸፈነልኝ?

ሰኔ 23፣ ሰኞ

የገዲ ሚስት ኒሞ የገዲን ምሳ ይዛ መጣች፤ አራስ ናት፤ ልጁን አዝላዋለች። ጆሮው ላይ ያለውን ፕላስተር አይታ "ዕቃ አደራደራችሁ አደገኛ ነው" ብላ ተቆጣች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "አንተ ስላለህ ነው የማልሰጋው። ትልቅ ሰው አብሮት አለ እላለሁ" አለችኝ።

ልጁን ያዝልኝ ብላ ልትሰጠኝ ነበር። "እጄ ቆሻሻ ነው" አልኳት።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ለኡባህ ነገርኳት። ቆሜ ነው የነገርኳት፤ ያን ወንበር አላምነውም። አንድም ነገር በመዶሻው አላሳበብኩም። ማለት፣ መጀመሪያ በመዶሻው ጀምሬ ነበር፤ ኋላ ተውኩት።

"ሳልሳ በራሱ አይፈነዳም" አለች። "ግድግዳውን አይቼዋለሁ። ራስህ እስክትነግረኝ እየጠበቅሁ ነበር። እስከ ዛሬ ካልመጣህ ደግሞ ለፖሊስ ልደውል ነበር።"

"ልታባርሪኝ ነው?"

"ገዲ ቢሞት ምን አባቴ እሆን ነበር?" ብላ ጠረጴዛውን መታችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። "ፈተናውን ለምን ያመጣሁት ይመስልሃል? ሽጉጡን ተው ብልህ ትሰማኝ ነበር? እጅህን የማያይ ያለ ይመስልሃል? ሻይ ስትጠጣ ሁላችን ወደ ሌላ እንዞራለን እኮ፣ አንተ ሰውዬ!"

አንተ ሰውዬ አለችኝ።

ሽጉጧን ለፖሊስ እንዳስረክብ፣ ሐኪም ሳልታይ ወደ ሥራ እንዳልመለስ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ በር ላይ ገቢና ወጪውን እቆጣጠራለሁ፤ ያለ መሣሪያ። ስወጣ ገዲ ደጅ ቆሞ ነበር። "አስወጣችህ?" አለ። "አይ፣ አስገባችኝ" አልኩት። አልገባውም። ለእኔም ሙሉ በሙሉ አልገባኝም።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ሐኪም ቤት። ዝናሽ አብራኝ።

ዶክተር ሱሀይራ ወጣት ናት። ጣትህን ክፈት ዝጋ አለችኝ፤ አራመደችኝ፤ ስምህን ደጋግመህ ጻፍ አለችኝ። ሣህሉ፣ ሣህሉ እያልኩ ጻፍኩ። ሲጀምር ሽምብራ ያክል የነበረው ፊደል መስመሩ መጨረሻ ላይ ጤፍ ሆነ። እስክሪብቶው የእሷ ነው፤ ጥሩ እስክሪብቶ ነው።

"ፓርኪንሰን ይባላል" አለች።

"በአማርኛስ?"

"በአማርኛም ፓርኪንሰን ነው።"

አያድንም፣ ግን ያግዛል ያለችውን መድኃኒት ጻፈችልኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስትጠይቀኝ "ከግንቦት" አልኩ። ዝናሽ "ካቻምና ጥምቀት" አለች። ዞሬ አየኋት። መሬት መሬት ታያለች።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ሽጉጧን አስረከብኩ።

የተቀበለኝ ያው ሳጅን ኒቆዲሞስ ነው። ጥይቶቹን ራሱ አወጣቸው፤ ሲያወጣም ያ ትልቁ መዶሻ የእጅጌውን ጫፍ ያዘው። በልቡ እንደሰደበኝ አውቃለሁ። ስለ ሳልሳውም ነገርኩት፤ የገዲንም ቃል እንደሚቀበል፣ ጉዳዩም እንደሚታይ ገለጸልኝ። ይሁን፤ ይታይ።

ከዚያ እስክሪብቶ አነሣ። "መሣሪያውን የሚመልሱበት ምክንያት?"

"እጄ ይንቀጠቀጣል።"

ቀና ብሎ አየኝ። ደግ ሰው ነው። "'በቴክኒክ ምክንያት' ልበለው?"

"ቴክኒኩ ምንም አልሆነም።"

"'በዕድሜ ምክንያት' ይሻላል፤ የሚያስከብር ነው።"

"ሳጅን፣ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ይህንንም ለሰው መናገር ስላፈረ፣ ሰው ሊገድል ነበር ብለህ ጻፍልኝ።"

"ይህ ሁሉ መስመሩ ላይ አይገባም፣ ጋሼ።"

"ጀርባው ላይ ጻፈው።"

ገልብጦ ጻፈው። አንድም ቃል እንዳይዘል ቆሜ ተከታተልኩ። ፈረምኩ፤ ፊርማው ምን እንደሚመስል አልገልጽም።

ዝናሽ ደጅ ጥላ ሥር ቆማ ጠብቃኛለች። ባጃጅ ልጥራ ስላት በእግር እንሂድ አለች። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ቀስ እያልን ሄድን። ወገቤ ባዶ ስለሆነ በአንድ ጎን የማዘነብል ይመስለኛል። ትንሽ እንደሄድን እጄን ያዘችው፤ ያንን እጄን፣ የሚንቀጠቀጠውን። ከተጋባን ጀምሮ መንገድ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን አናውቅም። ባለሱቆቹ ያያሉ፤ የባጃጅ ልጆች ያፏጫሉ።

"ዝናሽ፣ ሰው እያየን ነው" አልኳት።

"ይየን" አለች።

እጄ መንቀጥቀጡን አላቆመም። እሷም አልለቀቀችውም። እንደዚያው ቤት ደረስን።